ፓኖራማ ስሰፋ ወለሉ ይሰበራል፣ ሰማዩ ዥንጉርጉር ይሆናል፣ አድማሱ ይጠማዘዛል

ጠርዝ_ላይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ፎቶ አገጣጥሞ (ሰፍቶ) በሚሠራ የ360 ዲግሪ ፓኖራማ ላይ ሦስት ነገር አስቸግሯል፤ የምታውቁ ተባበሩኝ።

መሣሪያው ፉል ፍሬም ካሜራ፣ 24 ሜጋፒክስል (6000 በ4000)፣ 24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ትሪፖድና ተራ ቦል ሄድ (በኳስ ላይ ወደፈለጉት የሚያዘነብል የካሜራ መያዣ) ነው። ካሜራው በቁም ሆኖ ለአንድ ዙር 10 ፎቶ፣ በየ36 ዲግሪው። የሚሰፋው በሁጊን፣ በፎቶ መስፊያው ሶፍትዌር፣ ነው።

አንደኛ፣ ሩቁ ሁሉ ልክክ ብሎ ይገጥማል፤ ቅርብ ያለው የወለል ንጣፍ ግን ስፌቱ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይሰበርና ፈቀቅ ብሎ ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ሰማዩ በየመጋጠሚያው ጠቆር ፈካ፣ ጠቆር ፈካ ይላል። ሦስተኛ፣ አድማሱ በአንድ በኩል ወጣ፣ በሌላው በኩል ወረድ ይላል። ኮንትሮል ፖይንት (ሁለት ፎቶ ላይ የሚታይ አንድ ነጥብ፣ ሶፍትዌሩ የሚያያይዝበት) ቢጨመርም ቢቀነስም ያው ነው፤ አማካይ ስህተቱ ከ6 ፒክስል አልወርድ አለ። ከነዚህ የቱ የሶፍትዌር፣ የቱ የአነሳስ ጥፋት ነው?

በእጅ_ብቻ፦
ሶፍትዌሩን ቀይረው። ስልክ እንኳ በእጅ እያዞሩት ይሰፋዋል፤ አንተ ትሪፖድ ይዘህ እንዴት አይገጥምም? ፒቲጉይን ሞክር።

ሰፊው፦
በእጅ_ብቻ፣ በዚህ እንኳ አንስማማም። የንጣፉ መስመር በአንዱ ፎቶ ላይ ከሩቁ ምሰሶ ትክክል ታየ እንበል፤ በቀጣዩ ፎቶ ላይ ደግሞ ከምሰሶው በስተግራ ታየ። ሶፍትዌሩ የትኛውን ይመን? ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ያየው ዓይን ነው ቦታ የቀየረው። ፓራላክስ የሚባለው ይሄ ነው። ማንም ሶፍትዌር ሁለቱን አንድ ሊያደርጋቸው አይችልም፤ ቢበዛ ስብራቱን ሰው ወደማያየው ቦታ ያሸሸዋል።

ለማየት ካሜራ አያስፈልግም። አንድ ዓይንህን ጨፍን፤ አውራ ጣትህን ክንድህን ዘርግተህ አቁምና ከሩቅ ካለ የበር ጠርዝ ጋር አስተካክለው፤ አሁን እጅህን ሳታነቃንቅ አንገትህን ብቻ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙር። ጣትህ ከበሩ ጠርዝ እየሸሸ ይመለሳል። ዓይንህ ከአንገትህ ፊት ስለሆነ አንገት በዞረ ቁጥር ዓይን ወደ ጎን ይሄዳል። ካሜራም እንደዚያው ነው፤ የሚዞረው ከሆዱ ሥር ባለው ብሎን ላይ ነው፣ የሚያየው ግን ከፊት ባለው ሌንስ ነው።

ልኩን እንየው። የካሜራህ አንድ ፒክስል 0.006 ሚሊሜትር ነው (36 ሚሊሜትር ለ6000 ሲካፈል)። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ አንድ ራዲያን 4000 ፒክስል ይይዛል ማለት ነው። ሌንሱ የሚያይበት ነጥብ ከመዞሪያው ዘንግ 9 ሳንቲሜትር ቢቀድም፣ ካሜራው 36 ዲግሪ በዞረ ቁጥር ነጥቡ 5.5 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ጎን ይሄዳል። 100 ሜትር ላይ ያለ ነገር ከአድማሱ አንጻር የሚሸሸው 2 ፒክስል ብቻ ነው፤ 10 ሜትር ላይ ያለው 22 ፒክስል። ካሜራው 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ፎቶህ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ወለል 2 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ሽሽቱ 110 ፒክስል ይደርሳል። ሩቁ ገጥሞ ንጣፉ የተሰበረው ለዚህ ነው። ስልኩም ቢሆን የወለል ንጣፍ ላይ ስታዞረው ይሰብረዋል፤ በትንሽ ስክሪን ስለምናየው ነው የማናስተውለው።

ከላይ ሆኖ ሩቅ ተራራ ብቻ ለሚያነሳ ሰው ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ቤት ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ አጥር አጠገብ ለሚያነሳ ግን የግድ ነው።

ሦስት_እግር፦
ሰፊው ያለው ላይ አንድ ልጨምር። ካሜራውን በቁም ለማድረግ ቦል ሄዱን ወደ ጎን ጥለኸው ከሆነ፣ ሌንሱ ከዘንጉ ፊት መሆኑ ሳያንስ ወደ ጎንም ብዙ ሳንቲሜትር ወጥቷል። ጥፋቱ እጥፍ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልግህ ኤል ብራኬት (የ«L» ቅርጽ ያለው የካሜራ መያዣ) ነው፤ ካሜራው በቁም ሲቆምም ከዘንጉ በላይ እንዲቀመጥ። ከዚያ ባለ ሚሊሜትር ምልክት ተንሸራታች ሐዲድ፣ ከሐዲዱ ሥር ደግሞ ጠቅ እያለ በየዲግሪው የሚቆም መዞሪያ። ወደ ላይና ወደ ታችም ማንሳት ከፈለግህ ሁለተኛ ሐዲድ ያለው የፓኖራማ ሄድ።

አለካኩ በሁለት ደረጃ ነው፤ ሰዎች የመጀመሪያውን ይዘሉታል።

መጀመሪያ ጎኑ። ካሜራውን ቀጥ አድርገህ ወደ መሬት አስደፋው፣ ስክሪኑ ላይ የመሃል ምልክቱን አብራ፣ መዞሪያውን አዙር። የመሃል ምልክቱ ሥር ያለው ነገር (ሳንቲምም ይሁን የንጣፍ ጥግ) ባለበት ከዞረ ጎኑ ልክ ነው። ክብ እየሠራ የሚሄድ ከሆነ የታችኛውን ሐዲድ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው፣ እስኪረጋ ድረስ።

ቀጥሎ ፊትና ኋላው። ከሌንሱ 50 ወይም 60 ሳንቲሜትር ላይ ቀጭን ነገር በቁም አቁም፣ ለምሳሌ የመብራት ስታንድ ዘንግ። ከኋላው ሩቅ፣ ቢያንስ ከ10 ሜትር በላይ፣ ሌላ የቁም መስመር ይኑር፤ የሕንፃ ጠርዝ ይሆናል። ሁለቱን በፍሬሙ ቀኝ ጠርዝ አስተካክለህ እይ፣ ከዚያ ካሜራውን አዙረህ በግራ ጠርዝ እይ፣ ስክሪኑን አጉልተህ። ካሜራው ወደ ቀኝ ሲዞር ቅርቡ ዘንግ ከሩቁ ወደ ግራ ከሸሸ፣ ሌንሱ ከመዞሪያው ዘንግ ቀድሟል፤ ካሜራውን ወደ ኋላ ሳበው። ወደ ቀኝ ከሸሸ አብዝተህ ስበኸዋልና ወደ ፊት ግፋው። መጀመሪያ በ5 ሚሊሜትር፣ ሲቃረብ በ1 ሚሊሜትር እያልክ።

2 ሚሊሜትር ስህተት ብትተው በሰፊው ስሌት 2 ሜትር ላይ ያለው ወለል 2 ከግማሽ ፒክስል ነው የሚሸሸው፤ ኤንብሌንድ (ሁጊን ፎቶዎቹን የሚያዋህድበት ፕሮግራም) ሲያዋህደው አይታይም። ከዚያ በታች መሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው። ያገኘኸውን ቁጥር ሐዲዱ ላይ በነጭ ፕላስተር ጻፈው፣ የሌንሱን ስምና የፎከሱን ርቀት ጨምረህ። ዙም ሌንስ ከሆነ ለእያንዳንዱ የትኩረት ርዝመት ቁጥሩ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ዙሙን በአንድ ቦታ በፕላስተር እሰረው።

ግማሽ_ክብ፦
ብዙ ሰው ይሄን ነጥብ «ኖዳል ፖይንት» ይለዋል፣ ዕቃውም በዚሁ ስም ይሸጣል፤ ትክክለኛው ግን ኢንትራንስ ፒዩፒል ነው፣ የሌንሱ ብሌን እንበለው። ሌንሱን ከፊት ሆነህ ስታይ ውስጥ የምትታየው የአፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ምስል ናት። ካሜራው ጠፍቶ ሌንሱን ከፊት ስታየው ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለች መገመት ትችላለህ፤ መነሻ ይሆንሃል። ፊሽአይ (በጣም ሰፊ የሚያይ፣ መስመር የሚያጎብጥ ሌንስ) ላይ ብሌኗ እንደ አቅጣጫው ቦታ ትቀይራለች፤ ስለዚህ ለፊሽአይ ስትለካ ስፌቱ በሚያርፍበት ማዕዘን ለካ እንጂ በጠርዙ አትለካ።

በእጅ_ብቻ፦
እሺ፣ ስለ ወለሉ ተረትቻለሁ። ግን ሁሉም ሰው ሄድ የለውም። በእጅ ለሚያነሳ ቱምቢ አለ፤ ግንበኛ የሚጠቀምበት ዓይነት። ቀጭን ክር ሌንሱ ላይ ብሌኗ ባለችበት ቦታ ታስራለህ፣ ከታች ትንሽ ክብደት ታንጠለጥላለህ፤ ብሎንም ቁልፍም ይሆናል። መሬት ላይ ምልክት ታደርግና ክብደቱ ከምልክቱ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ታደርጋለህ። ከዚያ አንተ ነህ በካሜራው ዙሪያ የምትዞረው፤ ካሜራው በአንተ ዙሪያ አይዞርም። በእያንዳንዱ ፎቶ ቱምቢው ምልክቱ ላይ ረግቶ ሳታይ ሻተሩን አትጫን። ንፋስ ካለ ክብደቱን ጨምር።

ስልክ ላይም ያው ነው፦ ክንድን ዘርግቶ በወገብ መዞር ሳይሆን፣ ስልኩን ባለበት አቁሞ እግርን እያንቀሳቀሱ በዙሪያው መሄድ።

መርፌና_ክር፦
የሰማዩን እኔ ልያዘው። ሦስት ምንጭ አለው፣ በየተራ እይ።

አንደኛው አውቶ ነው። ካሜራው በየፎቶው ብርሃኑን ራሱ እየለካ ከሆነ፣ ፀሐይ ባለበት አቅጣጫ ጨለም፣ በተቃራኒው ፈካ ያደርጋል። ሁሉም በማኑዋል ይሁን፦ ሻተር፣ አፐርቸር፣ አይኤስኦ፣ ዋይት ባላንስ፣ ፎከስ። ከመጀመርህ በፊት ዙሩን ሁሉ በስክሪኑ እያየህ አዙር፣ በጣም ብሩህ የሆነው ቦታ ላይ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ በኩል እንዳይቆረጥ አድርገህ ለካና ያንን ቁጥር እስከ መጨረሻው አትንካው። ጥላ ያለበት ክፍል ይጨልማል፤ ይጨልም፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር ባስቀመጠው) ፋይል ይነሣል። ልዩነቱ ከበዛ በየቦታው ሦስት ፎቶ፣ በ2 ስቶፕ ልዩነት (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)፤ ሦስቱንም ሳትዞር አንሥተህ ጨርስና ከዚያ ዙር። አንዱን ዙር ጨርሶ ለሁለተኛው ብርሃን ተመልሶ መዞር ደመናውን ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ቪኜቲንግ ነው፤ የሌንሱ ጠርዝ ከመሃሉ ይጨልማል። ሰፊ ሌንስ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጥጉ ላይ አንድ ስቶፕና ከዚያ በላይ ያጣል። ሁለት ጨለማ ጠርዝ ጎን ለጎን ሲሰፋ ያ የምታየው ጠቆር ፈካ ይመጣል። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ8 ስታጠበው ብዙው ይጠፋል። የቀረውን ሁጊን በፎቶሜትሪክ ማስተካከያው ያወጣዋል፤ ለተራ ፎቶ «ሎው ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን መርጠህ አስላ። ይሄን ደረጃ የሚዘል ብዙ ነው፤ ቦታዎቹን ብቻ አስልቶ ወደ መስፋት ይሄዳል።

ሦስተኛው ፖላራይዘር ነው። ካለ አውልቀው። የሰማይ ብርሃን ይበልጥ ፖላራይዝድ የሚሆነው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ባለው ቀበቶ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰማዩ በሁለት ቦታ ጥቁር ሰማያዊ፣ በሌላው ነጣ ያለ ይወጣል። ይሄኛውን ማንኛውም ማስተካከያ በወጉ አያድነውም።

አንድ የተደበቀ ጥፋትም አለ። ሮው ፋይሎቹን ስትቀይር «አውቶ» የሚለውን ተጭነህ ከሆነ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያው ሶፍትዌር) እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻ ያስተካክለዋል፤ በካሜራው የቆለፍከውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ፈታኸው ማለት ነው። አንዱን ፎቶ አስተካክል፣ ያንኑ ለሁሉም ገልብጥ። ደግሞም ከመስፋትህ በፊት አንድም ፎቶ ክሮፕ አታድርግ። ሁጊን የሌንሱን መሃል የሚያሰላው ከፎቶው መሃል ነው፤ ከአንድ ጎን ከቆረጥክ የሌንሱን ጉብጠት በተሳሳተ ቦታ ያስተካክላል።

ጠርዝ_ላይ፦
መርፌና_ክር፣ ያልሽው ልክ ነው፤ አፐርቸሩ ኤፍ2.8 ነበር፣ ዋይት ባላንሱም አውቶ። ፎከሱንስ የት ልቆልፈው?

መርፌና_ክር፦
የተለመደው የሃይፐርፎካል፣ ማለትም ሩቁ ሁሉ ጥርት እንዲል ፎከስ የሚቆለፍበት የቅርቡ ርቀት፣ ስሌት (የሚፈቀደው ብዥታ 0.03 ሚሊሜትር) ለ24 ሚሊሜትር በኤፍ8 2.4 ሜትር ይሰጥሃል። ያ ግን በትንሽ ወረቀት ለሚታተም ፎቶ የወጣ ልክ ነው። ፓኖራማ ሰው እያጎላ የሚያየው ነገር ስለሆነ ብዥታውን በግማሽ፣ 0.015 አድርገው፤ 4.8 ሜትር ይወጣል። እዚያ ላይ ቆልፈው፤ ከ2.4 ሜትር እስከ መጨረሻው ጥርት ይላል። የሚታየው የወለልህ ቅርብ ክፍል ከሌንሱ 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ በትክክል ይበቃል። ከቆለፍከው በኋላ አውቶፎከሱን አጥፋ፤ ፎከስ በተቀየረ ቁጥር በብዙ ሌንሶች ላይ የሚታየው ስፋትም ትንሽ ይቀየራል፣ ያኔ ፎቶዎቹ እኩል አይሆኑም። ትሪፖድ ላይ ከሆንክ የንዝረት መከላከያውንም አጥፋው።

ግማሽ_ክብ፦
ወደ አድማሱ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የሚዞረው ከቦል ሄዱ ሥር ነው ወይስ ከቦል ሄዱ በላይ?

ጠርዝ_ላይ፦
ከሥሩ። ቦል ሄዱ ላይ ያለውን ውኃ ልክ እያየሁ ነው የማስተካክለው፤ አረፋው መሃል ላይ ነው።

ግማሽ_ክብ፦
እንግዲያው ተገኘ። አረፋው መሃል የነበረው በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ቦል ሄዱ ከመዞሪያው በላይ ስለሆነ፣ ያስተካከልከው ካሜራውን እንጂ ዘንጉን አይደለም። የትሪፖዱ እግር ያዘነበለውን ያህል ዘንጉም አዘንብሏል፤ ግማሽ ዙር ስትሄድ ያቀናኸው ካሜራ በተቃራኒው ይጣመማል። አዙረህ አረፋውን እየው፣ በየአቅጣጫው ይሸሻል።

ያዘነበለ ዘንግ ስፌቱ ላይ አድማሱን አንድ ሙሉ ሞገድ ያደርገዋል፦ በአንድ በኩል ወደ ላይ፣ በተቃራኒው ወደ ታች። የአንተ ሙሉ ዙር 25,133 ፒክስል ይሰፋል፤ ለአንድ ዲግሪ 70 ፒክስል ገደማ። ዘንጉ 2 ዲግሪ ቢያዘነብል አድማሱ 140 ፒክስል ይወጣል፣ 140 ይወርዳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ እግሮቹን እያስረዘምክና እያሳጠርክ ከመዞሪያው ሥር ያለውን ክፍል ራሱን ታቀናለህ (ሌቨሊንግ ቤዝ፣ ማለትም ከመዞሪያው ሥር የሚገባ ማቅኛ፣ ካለህ ሥራው የግማሽ ደቂቃ ነው)። ወይ ደግሞ መዞሪያውን ከቦል ሄዱ በላይ ትሰቅለዋለህ፤ ያኔ ቦል ሄዱ ራሱ ማቅኛ ይሆንልሃል። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ የእጅ ጥበብም አይጠይቅም።

ያነሣኸውን ግን አትጣለው። ይሄኛው በሶፍትዌር ይድናል። የሕንፃ ጠርዝ ወይም የበር መቃን ባለበት ፎቶ ላይ፣ ያንኑ ፎቶ በሁጊን የኮንትሮል ፖይንት ገጽ በግራም በቀኝም ከፍተህ፣ አንድ ነጥብ ከአናቱ፣ አንድ ነጥብ ከሥሩ አድርግና የቁም መስመር ብለህ ያዘው። ሌላ መስመር ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ዞር ብሎ ካለ ፎቶ ላይ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስመሮች፣ በ180 ዲግሪ ያሉ፣ አይበቁም፤ ሁለቱም የሚነግሩህ አንድ ዓይነት ማዘንበል ነው። ከዚያ እንደገና አስላ። አድማሱ ይተኛል።

ሦስት_እግር፦
ግማሽ_ክብ ያለው ላይ ማስጠንቀቂያ፦ «የውኃውን ጠርዝ በአግድም መስመር አቀናዋለሁ» የሚል ካለ፣ የሐይቅ ዳርቻ አግድም መስሎ ይታያል እንጂ አይደለም። እየራቀ የሚሄድ ዳርቻ ፎቶ ላይ ያጋደለ ነው። የቁም መስመር ይሻላል ሁልጊዜ።

ሰፊው፦
አሁን ወደ 6 ፒክስሉ። እዚህ ላይ ሰው ራሱን የሚያታልልበት ነገር አለና ረጋ ብለን እንየው።

ሁጊን ውስጥ የኮንትሮል ፖይንቶቹን ሰንጠረዥ ክፈትና በርቀት፣ ማለትም በስህተታቸው መጠን፣ ደርድራቸው። ከላይ የሚመጡት ትልልቆቹ ናቸው። የሁሉም ምክር «ከ3 ፒክስል በላይ ያለውን ሰርዝ» ነው። ትሰርዛለህ፣ አማካዩ ወደ 1 ይወርዳል፣ ደስ ይልሃል፣ ሰፍተህ ስታየው ወለሉ እንደተሰበረ ነው። ለምን? የሰረዝካቸው ትልልቅ ስህተቶች የወለሉ ነጥቦች ነበሩ። እውነቱን የሚናገሩትን ምስክሮች አባረህ ነው ፍርዱ ያማረው።

ስለዚህ ከመሰረዝህ በፊት እያንዳንዱ ነጥብ ምን ላይ እንዳረፈ እይ። ደመና ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ሰው ላይ፣ ውኃ ላይ፣ መስታወት ነጸብራቅ ላይ ካረፈ ያለ ምሕረት ሰርዝ፤ ለደመናው ሁጊን ራሱ የሚያጸዳበት ትእዛዝ አለው። ወለል ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ካረፈና ስህተቱ ትልቅ ከሆነ ግን አትንካው፤ ያ ነጥብ ሐዲዱ ልክ አይደለም እያለህ ነው። ሐዲዱን አስተካክለህ እንደገና ካነሣህ ያው ነጥብ ከ1 ፒክስል በታች ይሆናል።

በየጥንዱ 10 ነጥብ ገደማ ይበቃል፣ ከላይ እስከ ታች ተበትነው። አንድ ቦታ የተከመሩ 60 ነጥቦች ከተበተኑ 6 ነጥቦች ያንሳሉ። የ10ኛው ፎቶ ከ1ኛው ጋር መያያዙንም አረጋግጥ፤ ዙሩ ካልተዘጋ ስህተቱ እየተጠራቀመ መጥቶ እዚያ ይፈነዳል። ከተዘጋ ግን ድምሩ 360 መሆን ስላለበት ሁጊን የሌንሱን ትክክለኛ ስፋት ራሱ ያገኘዋል። አሰላሉም በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ቦታዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የእይታ ስፋቱንና የሌንሱን ጉብጠት ጨምረህ። ሁሉንም በአንዴ ከለቀቅከው አንዳንዴ የማይመስል መልስ ይዞ ይመጣል።

በእጅ_ብቻ፦
ሰፊ ሥዕል፣ ሰፊውም ሰፊ። 😄 ለ35 እና ለ50 ሚሊሜትር ሌንስ ስንት ፎቶ ነው?

ሰፊው፦
ስሙን ያወጣሁት ለዚሁ ነው፤ ስታነበው ጠበቅ አድርገው ወይም ላላ አድርገው፣ እንዳሻህ።

ፉል ፍሬም፣ በቁም፣ አንድ ሦስተኛ መደራረብ ይዘን፦ 24 ሚሊሜትር ወደ ጎን 53 ዲግሪ ያያል፣ በየ36 ዲግሪ 10 ፎቶ። 35 ሚሊሜትር 38 ዲግሪ ገደማ፣ በየ24 ዲግሪ 15 ፎቶ። 50 ሚሊሜትር 27 ዲግሪ፣ በየ18 ዲግሪ 20 ፎቶ። በእጅ ከሆነ መደራረቡን ግማሽ አድርገው። መደራረብ ከሩብ በታች ሲሆን ኮንትሮል ፖይንቱ ሁሉ የሌንሱ ጠርዝ ላይ ይከማቻል፣ ሌንስ ደግሞ ደካማ የሚሆነው እዚያው ነው።

ይሄ አንድ ረድፍ ብቻ ነው። 24 ሚሊሜትር በቁም ከላይ እስከ ታች 74 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያየው፤ ከአድማስ 37 ወደ ላይ፣ 37 ወደ ታች። ሙሉ ሉል ከፈለግህ ሌላ ረድፍ በ45 ዲግሪ ወደ ላይ 8 ፎቶ፣ ሌላ በ45 ወደ ታች 8 ፎቶ፣ አንድ ቀጥታ ወደ ላይ፣ አንድ ቀጥታ ወደ መሬት፤ 28 ይመጣል። በ15 ሚሊሜትር ፊሽአይ ይሄው ሥራ በ6 ዙሪያ፣ አንድ ላይ፣ አንድ ታች ያልቃል፤ ፒክስሉ ግን ያንሳል።

ግማሽ_ክብ፦
ወደ መሬት የምትነሣው ፎቶ ላይ ትሪፖዱ ራሱ ይገባል። ትሪፖዱን አንሥተህ ካሜራውን በእጅ፣ በተቻለ መጠን በነበረበት ቦታ ይዘህ አንድ ጨምር። ሁጊን ውስጥ ለዚያች ፎቶ ብቻ የቦታ ለውጡን (ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ) ልቀቅለት፣ ኮንትሮል ፖይንቶቹም ወለሉ ላይ ብቻ ይሁኑ። የሚሠራው ወለሉ ዝርግ ከሆነ ነው፤ ሣር ወይም ድንጋያማ መሬት ላይ በክሎን ብሩሽ መሸፈን ይቀላል።

ሁሉም ሰው ሙሉ ሉል አይፈልግም መቼም። ከ120 ዲግሪ በታች ለሆነ የሕንፃ ፎቶ፣ ሁጊን ውስጥ ካሉት የአዘረጋግ ዓይነቶች (ፕሮጀክሽን) ሬክቲሊኒየርን ምረጥ፣ ቀጥታ መስመር ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጠርዙ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሲሊንደር ቁሙን ቀጥ ያደርጋል፣ ከአድማሱ በላይና በታች ያለውን አግድም ግን ያጎብጣል፤ ፊት ለፊትህ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ አጥር እንደ ቀስት የሚወጣው ለዚያ ነው። ፓኒኒ መካከለኛ ነው፤ ለመንገድና ለአዳራሽ ውስጥ ያምራል። ኢኩዊሬክታንጉላር ለ360 መመልከቻ ብቻ፣ ስፋቱ የቁመቱ ሁለት እጥፍ ሆኖ።

ጠርዝ_ላይ፦
ኤል ብራኬትና ሐዲድ ተገጠመ፣ መዞሪያው ከቦል ሄዱ በላይ ወጣ፣ ሁሉም ማኑዋል፣ ኤፍ8። አማካዩ 0.8 ፒክስል፤ አንድም የወለል ነጥብ አልተሰረዘም። ሰማዩ አንድ ወጥ ነው፣ አድማሱም ተኝቷል።

ሁለት ነገር ቀረ። በፎቶሾፕ ልከፍተው ፈልጌ ነበር፤ በምን ዓይነት ፋይል ላውጣው? ደግሞ 7ኛውና 8ኛው ፎቶ መካከል የአንድ ወንበር እግር ተሰብሯል፤ ሌላው ስፌት ሁሉ ደህና ነው።

መርፌና_ክር፦
ፋይሉን በቲፍ አውጣው፣ በ16 ቢት። ሙሉ ሉል ከሆነ 25,133 በ12,566፣ ሳይታመቅ 1.9 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ቲፍ እስከ 4 ጊጋባይት ይችላል። የፎቶሾፑ ፒኤስዲ ፋይል ከ30,000 ፒክስል በላይ ስለማይሰፋ አንተ ለጥቂት ገብተሃል፤ በ50 ሚሊሜትር ብታነሣው 52,360 ስለሚሆን የፎቶሾፑን የትልልቅ ፋይል ዓይነት፣ ፒኤስቢን፣ ይጠይቅሃል። ጄፔግ ደግሞ 65,535 ላይ ያቆማል። ለስልክ መመልከቻ ወደ 8192 በ4096 አሳንሰህ ስጥ። ብታትመው በ300 ዲፒአይ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ግድግዳህን አስቀድመህ ለካ።

ሰፊው፦
የወንበሩ ፓራላክስ አይደለም። ፓራላክስ ቢሆን ወለሉ በሁሉም ስፌት ይሰበር ነበር፤ አንድ ጥንድ ላይ ብቻ ከሆነ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ሳይሆን ዕቃው ነው። 7ኛውንና 8ኛውን ጎን ለጎን ክፈትና የወንበሩን እግር ከሥሩ ካለው የንጣፍ መስመር ጋር አወዳድር። በአንዱ መስመሩ ላይ፣ በሌላው ከመስመሩ ወጥቶ ከሆነ በመሃል ሰው ነክቶታል። ማስክ ወደሚለው ገጽ ሂድ፣ በ7ኛው ፎቶ ላይ ወንበሩን ሙሉውን ዙሪያውን ሰፋ አድርገህ ክበበው፣ ከነጥላው፣ «ይካተት» በለው። 8ኛውን አትንካው። ጥላውን ከረሳኸው ወንበሩ ይድናል፣ ወለሉ ላይ ሁለት ጥላ ይቀራል።

ጠርዝ_ላይ፦
ነክቶታል። ከንጣፉ መስመር አንድ ጣት ወጥቷል።